አጽጂ ሽሪምፕ በቤት ውስጥ የጨዋማ ውሃ ገንዳ፦ አመጋገብና አያያዝ

አጽጂ ሽሪምፕ፣ ከዓሦች ገላ ላይ የሞተ ቆዳና ጥገኞችን የሚለቅመው ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ በረሃብ ሲሞት እምብዛም አይታይም። በገንዳው ውስጥ ከሚኖሩት ሁሉ ቀድሞ ምግብ የሚደርሰው እሱ ነው፤ የወደቀውን ይለቅማል፣ ከዓሣ አፍ ይቀማል፣ ኮራል የጎረሰውን ፈልቅቆ ያወጣል። የሚሞተው በአብዛኛው ቅርፊቱን በሚጥልበት ሰዓት ወይም በማግስቱ ነው። ስለዚህ «ምን ያህል ልመግበው?» ከሚለው ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ በሚቀጥለው ጊዜ ቅርፊቱን ሲጥል ውሃው፣ ምግቡና ጎረቤቶቹ ይመቹታል ወይ? እዚህ የምጽፈው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በዋናነት የማወራው ስለ ሊስማታ አምቦይኔንሲስ ነው። ጎኑ ቢጫማ፣ ጀርባው ደማቅ ቀይ፣ በቀዩ መሐል ነጭ መስመር የተሰመረበት፣ ረጃጅም ነጭ አንቴናዎች ያሉት ነው። ሲያድግ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በደህና ከተያዘ 2 እና 3 ዓመት ይኖራል። ዘመዱ ሊስማታ ዴቤሊየስ ደም የመሰለ ቀይ ሲሆን ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ዓይን አፋር ስለሆነ ቀን ቀን ከዋሻው አይወጣም፣ አያያዙ ግን ያው ነው። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ የሚባለው ሊስማታ ዉርደማኒ የሚፈለገው አይፕታዚያ የተባለውን ተባይ አኒሞን (አበባ የሚመስል፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ የባሕር እንስሳ) ስለሚበላ ነው። ስትገዙት ጀርባው ጎበጥ ካለና ዓይኖቹ ትላልቅ ከሆኑ፣ ቀይና ነጭ መስመሮቹም ጎልተው ከታዩ ተጠንቀቁ፤ እሱ ካሜል ሽሪምፕ ነው፣ ኮራል ይበላል። ነጭና ቀይ ቀለበት ያለው፣ ረጃጅም መቆንጠጫ ያለው ስቴኖፐስ ሂስፒደስም ዓሣ ያጸዳል፤ ነገር ግን ሌላ ሽሪምፕ ባለበት ትንሽ ገንዳ አታስገቡት፣ ይገድላል።

ቅርፊቱን ሲጥል የሚሆነው

የሽሪምፕ ቅርፊት ከሰውነቱ ጋር አያድግም። ሰውነቱ ሲጠብበው ከሥር ስስ አዲስ ቅርፊት ያበጃል። አሮጌው ከጀርባው በኩል፣ የፊተኛው ክፍልና ሆዱ በሚገናኙበት ቦታ ይከፈታል፤ እሱም በዚያ ክፍተት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ወዲያው ውሃ ወደ ሰውነቱ እየሳበ ያብጣል፤ ለስላሳው አዲስ ቅርፊት በዚያው ይለጠጣል፣ ከዚያም ከውሃው ካልሲየም እየወሰደ ይጠነክራል። ጎልማሳው ይህን በየ3 እስከ 8 ሳምንት ያደርጋል፣ ገና በማደግ ላይ ያለው ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

ውሃ በሚስብበት ሰዓት የገንዳው ጨዋማነት ከተዛባ የሰውነቱም ሚዛን አብሮ ይዛባል። ግማሽ አካሉ ከአሮጌው ቅርፊት ሳይወጣ ተጣብቆ የሚሞት ሽሪምፕ ሲገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በቀደሙት ቀናት የተደረገ የውሃ ለውጥ ነው። ድንገተኛ ለውጥ ራሱ ጊዜው ሳይደርስ ቅርፊቱን እንዲጥልም ሊገፋፋው ይችላል። አዲስ የመጣ ሽሪምፕ በማግስቱ ቅርፊት ጥሎ ሲገኝ «ቦታው ተመቸው» ብለው ደስ የሚላቸው አሉ። እኔ ግን እንዲህ ሲሆን ጨዋማነቱን እንደገና ለኩ እላለሁ።

ውሃው

የሚፈለጉት መጠኖች እነዚህ ናቸው፦ ጨዋማነት በሺህ 35፣ በስፔስፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ አንጻር ባለው ክብደት) 1.025 እስከ 1.026፤ የሙቀት መጠን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሲየስ፤ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4፤ አሞኒያና ናይትራይት 0፤ ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች፤ አልካሊኒቲ (ውሃው ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዝበት አቅም) ከ8 እስከ 11 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ፤ ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350 ሚሊ ግራም በሊትር። ናይትሬቱ 30 ሆኖ ሳይነቃነቅ በሚቆይ ገንዳ ሽሪምፕ ደህና ይኖራል፤ ቁጥሮቹ ሁሉ አምረው በየሁለት ቀኑ በሚዋዥቁበት ገንዳ ግን አይሰነብትም። ለአንድ ጥንድ 75 ሊትር ይበቃል ይባላል። እኔ 100 ሊትርና ከዚያ በላይ የምመክረው ሽሪምፑ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ሳይሆን ብዙ ውሃ ቶሎ ስለማይለዋወጥ ነው። ገንዳው አዲስ ከሆነ ደግሞ አሞኒያና ናይትራይት 0 ከሆኑ በኋላም ቢያንስ 2 ወይም 3 ወር ጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ትነትን ነው። ውሃው ሲተን ጨው አይተንም። 100 ሊትር ገንዳ በሺህ 35 ላይ እያለ 5 ሊትር ቢተንና ሳይሞላ ቢቆይ፣ የቀረው 95 ሊትር በሺህ ወደ 36.8 ይደርሳል። ይህ ቀስ ብሎ የመጣ ስለሆነ ሽሪምፑ ይችለዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ያንን 5 ሊትር ንጹሕ ውሃ በአንድ ጊዜ ስትሞሉበት ነው። ስለዚህ የተነነውን በየቀኑ ተኩ፣ ከተቻለም ጠዋትና ማታ ከፋፍላችሁ፣ ውሃው በደንብ በሚዘዋወርበት በኩል አፍስሱ። ራሱ የሚሞላ መሣሪያ ካላችሁ ማጠራቀሚያ ባልዲው ትንሽ ይሁን። ተንሳፋፊው ተጣብቆ 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ 100 ሊትር ላይ ቢፈስ ጨዋማነቱ ወደ 31.8 ይወርዳል፤ ባልዲው 4 ሊትር ብቻ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ግን ከ33.6 በታች ባልወረደ ነበር። እንዲህ ዓይነት አደጋ ከደረሰ ጨው በትናችሁ በአንድ ቀን ልትመልሱት አትሞክሩ። ለሚቀጥሉት ቀናት የሚተነውን በንጹሕ ውሃ ፋንታ በሺህ 35 በሆነ ጨዋማ ውሃ እየተካችሁ ቀስ ብሎ እንዲወጣ አድርጉት።

መለኪያውም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። መርፌዋ በምትነሳው የፕላስቲክ መለኪያ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከተጣበቀች ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይታያል። በብርሃን መታጠፍ ጨዋማነትን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ይሻላል፤ ግን በንጹሕ ውሃ 0 ላይ ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፣ በሺህ 35 ተብሎ በተዘጋጀ ማመሳከሪያ ፈሳሽ በየጊዜው አረጋግጡት።

ውሃ ስትቀይሩ በሳምንት 10 በመቶ ይበቃል። ለ100 ሊትር ገንዳ 10 ሊትር ማለት ነው። የገንዳ ጨው ራሱ የተወሰነ እርጥበት ስላለው በሊትር ከ35 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል፤ በሚዛን ጀምሩ፣ በመለኪያ ጨርሱ። ጨው የገባበት ውሃ በትንሽ ፓምፕ እየተናወጠ፣ በማሞቂያ እየሞቀ ይደር። ጠዋት የሙቀት ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ፣ የጨዋማነት ልዩነቱ በሺህ ከ1 ያልበለጠ መሆኑን አይታችሁ አስገቡ። ሽሪምፑ ለሁለት ቀን ምግብ እምቢ ብሎ ዋሻው ውስጥ ከተቀመጠ ቅርፊት ሊጥል ነው ማለት ነው፤ ውሃ መቀየሩን ለሌላ ቀን አስተላልፉት።

አዮዲን ጨምሩ የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። በየሳምንቱ ውሃ የሚቀየርበትና የባሕር ምግብ የሚሰጥበት ገንዳ አዮዲን ከጨውም ከምግቡም ያገኛል። ሳትለኩ ማንጠባጠብ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ አዮዲን ሲበዛ መርዝ ነው።

ወደ ገንዳው ማስገባት

ብዙ መሸጫዎች የዓሣ ገንዳቸውን ጨዋማነት ዝቅ አድርገው ነው የሚይዙት፣ 1.020 ወይም ከዚያ በታች። የእናንተ 1.025 ከሆነ ልዩነቱ ለዓሣ ቀላል ቢሆንም ለሽሪምፕ ትልቅ ነው። ስለዚህ ከረጢቱን ተንሳፎ ለ15 ደቂቃ የገንዳውን ሙቀት እንዲይዝ ካደረጋችሁ በኋላ ሽሪምፑን ከነውሃው ወደ ንጹሕ ባልዲ አዛውሩና መጀመሪያ የከረጢቱን ውሃ ለኩ። ከዚያ በቀጭን የአየር ቱቦ ከገንዳው ውሃ ስባችሁ፣ ቱቦውን በመቆጣጠሪያ ቫልቭ ወይም በልል ቋጠሮ አጥብባችሁ በሰከንድ 2 ወይም 3 ጠብታ ይውረድ። ውሃው እጥፍ ሲሆን ግማሹን ድፉና ቀጥሉ። ይህን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መደጋገም ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይበርድ ጠብቁ። ልዩነቱ ከ0.004 በላይ ከሆነ በጠብታ ብቻ አትመኑ፤ በለይቶ ማቆያ ገንዳ በመጣበት ጨዋማነት አስቀምጣችሁ በቀን ከ0.001 እስከ 0.002 እያሳደጋችሁ አድርሱት።

ረጅም መንገድ በተዘጋ ከረጢት ለተጓዘ ሽሪምፕ ሌላም ነገር አለ። ከረጢቱ ውስጥ የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ዝቅ ያደርገዋል፤ በዚያ ፒኤች የተጠራቀመው አሞኒያ ብዙም አይጎዳም። ከረጢቱ ሲከፈት ግን ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ያሻቅባል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማው ዓይነት ይለወጣል። ስለዚህ የአሞኒያ ማርከሻ ጠብታ አዘጋጅታችሁ ከረጢቱ እንደተከፈተ ጨምሩ። የከረጢቱን ውሃ ወደ ገንዳችሁ አታስገቡ።

ስታዛውሩት መረብ አትጠቀሙ፤ አንቴናውና ቀጫጭን እግሮቹ ተጠላልፈው ይሰበራሉ። በትንሽ ኩባያ ከነውሃው ቅዱት፣ የባልዲውን ውሃ አንጠፍጥፋችሁ ከድንጋይ ሥር ልቀቁት። መብራቱ እስከ ማግስቱ ጠፍቶ ይቆይ፣ በዚያ ምሽት ምግብ አይሰጥ። እግር ወይም አንቴና ቢሰበርበት አትደንግጡ፤ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቅርፊት መጣሎች ይበቅላል።

ምግቡ

ዓሣ ባለበትና ዓሣው በየቀኑ በሚመገብበት ገንዳ ሽሪምፑ ራሱን ችሎ የሚበላው ይተርፈዋል። እንደዚያም ሆኖ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ለብቻው መስጠት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ጥሩ ምግብ በእርግጥ እንደደረሰው ታውቃላችሁ። ሁለተኛ፣ በቅርብ ስታዩት እግሩ ጎድሎ ይሁን፣ እንቁላል ተሸክሞ ይሁን፣ ቀለሙ ደብዝዞ ይሁን ይታያችኋል። ለአንድ ጎልማሳ በአንድ ጊዜ 3 ወይም 4 ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስሉ ጥቃቅን እንስሳት)፣ ወይም ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የስኩዊድ ቁራጭ፣ ወይም ወደ ታች የሚሰምጥ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ፔሌት (የተጨመቀ ደረቅ ምግብ) ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል። ዓሣ በሌለበት ገንዳ ግን ይህንኑ መጠን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ስጡት፤ እዚያ ሌላ ምንጭ የለውም።

ከምግብ ዓይነቶች ማይሲስን አስቀድማለሁ። አርቴሚያ የተባለውን ሌላ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል እንስሳም ይወደዋል፣ ነገር ግን በቫይታሚንና በቅባት ያልዳበረ አርቴሚያ ብቻውን ደካማ ምግብ ነው። ስኩዊድ፣ ክላምና ክሪል እያቀያየራችሁ ስጡ። የሽሪምፑ ቀይ ቀለም ከምግብ ከሚገኘው አስታዛንቲን የሚመጣ ነው፤ ወራት እየቆየ ቀዩ ወደ ገርጣ ብርቱካናማ ከሄደ ክሪልና ማይሲስ አብዙለት። ፔሌት ስትገዙ ከማሸጊያው ጀርባ «ኮፐር ሰልፌት» የሚል ብታዩ አትጣሉት። ሽሪምፕ በደሙ ኦክስጅን የሚሸከመው መዳብ ባለበት ፕሮቲን ነው፣ በምግብ ውስጥ ያለችው ጥቂት መዳብ አትጎዳውም። የሚገድለው በውሃ ውስጥ የሟሟ መዳብ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

በረዶ የሆነ ምግብ አንድ ኩብ ሙሉ ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ላሉበት 200 ሊትር ገንዳ እንኳ ይበዛል። ሩቡን በቢላዋ ቆርጣችሁ ቀሪውን መልሱ። የቆረጣችሁትን ከገንዳው በተቀዳ አንድ ሲኒ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ አቅልጡት፤ ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፣ ምግቡ ይበታተናል። ከቀለጠ በኋላ በጥቅጥቅ ወንፊት አጥልሉና የወጣውን ደመናማ ፈሳሽ ድፉት። ማንንም የማይመግብ ፎስፌት ወደ ገንዳው የሚገባው በዚያ ፈሳሽ ነው። አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታብርዱ።

ለመስጠት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ ያልሾለ ወረንጦ፣ ወይም ጠንካራ ቱቦ የተሰካበት መርፌ የሌለው ስሪንጅ ያስፈልጋል። ሞገድ የሚፈጥሩትን ፓምፖች ለ10 ደቂቃ አጥፉ። መልሶ ማብራት ይረሳል፤ ስለዚህ ማንቂያ ሙሉ ወይም ራሱ መልሶ የሚያበራ ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሙ፤ ውሃው ቆሞ ያደረ ገንዳ ኦክስጅን ያጥረዋል። ከዚያ ለዓሦቹ በአንዱ ጥግ ትንሽ በትናችሁ ትኩረታቸውን ሳቡ፣ በሌላው ጥግ ደግሞ ወረንጦውን ወደ ሽሪምፑ ዋሻ አቅርቡ። እሱ መጀመሪያ በአንቴናው ይዳስሳል፣ ከዚያ በፊተኞቹ ቀጫጭን መቆንጠጫዎች ይይዝና ከሆዱ ሥር አቅፎ ያፈገፍጋል። አንዱን እንደያዘ ሁለተኛም ይቀበላል፤ ሁለቱንም ሳይጨርስ ሦስተኛ ለመያዝ ሲዘረጋ ረሃብ አይምሰላችሁ፣ ጠባዩ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ አሸዋው ላይ የቀረ ካለ በስሪንጁ ምጡት።

በኮራል ገንዳ ትልቁ ራስ ምታት ሌብነቱ ነው። ትልልቅ አፍ ያላቸው ኮራሎች ምግብ ውጠው ለመፍጨት ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሽሪምፑ በዚያ መሐል ላያቸው ላይ ወጥቶ ከሆዳቸው ድረስ ገብቶ ያወጣዋል፣ ሥጋቸውንም ይቀድዳል። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ለሽሪምፑ በአንድ ጉርሻ የማይጨርሰውን፣ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠንካራ የስኩዊድ ቁራጭ ስጡት፤ ይዞት ዋሻው ይገባል፣ ለረጅም ጊዜም ይጠመዳል። በዚያ ቀን ሌላ አትጨምሩለት። ወዲያው ኮራሉን መግቡ። ሽሪምፖቹ ከሁለት በላይ ከሆኑ ወይም ይህ ካልበቃ፣ ከታች የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑን በስታችሁ ኮራሉ ላይ ድፉበትና ምግቡን በአፉ በኩል አውርዱለት። እስኪውጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይበት። ጠርሙሱ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን።

ምግብ እንደበዛ የሚነግሩን አሸዋው ላይ የሚያድሩ ፍርፋሪዎች፣ ከፍ የሚል ናይትሬትና ፎስፌት፣ ቀይ ልጥልጥ ያለ ሽፋን የሚያለብሰው ሳያኖባክቴሪያ ናቸው። እንዳነሰ የሚነግሩን ደግሞ ዓሦቹ እስኪሸሹት ድረስ እየተከታተለ የሚቆነጥር ሽሪምፕ፣ ቀኑን ሙሉ ከኮራል ኮራል የሚዞር ሽሪምፕ ነው። በሌላ በኩል በደንብ የጠገበ ሽሪምፕ ዓሣ ማጽዳት ሊተው ይችላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያጸዳ ተብሎ ማስራብ የለበትም።

ቅርፊቱን በጣለበት ቀን

ጠዋት ገንዳው ውስጥ ግልብጥ ብሎ የተኛ ሽሪምፕ ብታዩ ከመደንገጣችሁ በፊት ቀርባችሁ እዩት። የተጣለ ቅርፊት ባዶና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፣ የዓይኖቹ ቦታ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፣ ጀርባው ላይ ክፍት ነው፣ በወረንጦ ሲነካ ይንሳፈፋል። የሞተ ሽሪምፕ ግን ሥጋው የተቀቀለ መስሎ ይደፈርሳል፣ ይከብዳል፣ ይሸታል። የሞተ ከሆነ ቶሎ አውጡትና አሞኒያ ለኩ።

ባዶውን ቅርፊት ለአንድ ሁለት ቀን ተዉት፤ ውሃውን ብዙም አያበላሽም፣ ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖች ይጨርሱታል። ሽሪምፑ ራሱ ለ24 እስከ 48 ሰዓት ተደብቆ ይቆያል። ድንጋይ እያነሳችሁ አትፈልጉት፣ ምግብም ወደ ዋሻው አትግፉ፤ የበሰበሰ ምግብ አጠገቡ ይቀርበታል፣ ሸርጣን ይጠራበታል። ሲወጣ ቀለሙ የደመቀ፣ አንቴናው ሙሉ ይሆናል፤ ያኔ ማይሲስ ስጡት።

ጎረቤቶቹ የሚፈተኑት በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው። ትሪገርፊሽ፣ ላየንፊሽ፣ ፓፈርፊሽ፣ ግሩፐርና ሞሬይ ያሉበት ገንዳ ለሽሪምፕ ቦታ አይሆንም፤ አንዳንድ ትልልቅ ዓሦች አጽጂነቱን አውቀው ቢተዉትም በዚያ ላይ መወራረድ አይገባም። አሳሳቾቹ ትናንሾቹ ናቸው። ሆክፊሽ ለወራት አብሮት ኖሮ ቅርፊቱን በጣለ ማለዳ ሊበላው ይችላል። ሲክስላይን ራስ እና ዶቲባክ የሚባሉት ዓሦችም ለስላሳውን ሽሪምፕ ያሳድዳሉ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ሽሪምፑ ብቻ የሚገባባት፣ ሁለት መውጫ ያላት ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ አበጁለት። ትልቅ ምንጣፍ አኒሞን ያለበትም ገንዳ እንዲሁ ያሰጋል።

ስንት ይሁኑ ለሚለው መልሴ ሁለት ነው። ይህ ዝርያ በጥንድ የሚኖር ነው፤ በጠባብ ገንዳ ሦስትና አራት ስታስገቡ ብርቱዎቹ ደካማውን ቅርፊት በጣለበት ሌሊት ይጨርሱትና መጨረሻ ላይ ሁለት ይቀራሉ። ወንድና ሴት መምረጥም አያስፈልግም። ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፣ ሲጎለምሱ ሁለቱንም ፆታ በአንድ ላይ ይይዛሉ፤ ስለዚህ ማናቸውም ሁለት ጎልማሶች ይራባሉ። አንዱ ቅርፊቱን እንደጣለ ሌላው ያስረግዘዋል፣ አረንጓዴማ እንቁላሎች ከሆዱ ሥር ይታያሉ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም መብራት በጠፋ ሌሊት ይፈለፈላሉ። እጮቹ ለዓሦችና ለኮራሎች ግሩም ምግብ ናቸው። ማሳደግ ግን ለብቻው ገንዳና ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ እንቁላል የተሸከመውን ለዚህ ብላችሁ አታዛውሩት።

በሽታና መድኃኒት

አጽጂ ሽሪምፕ ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣውን ክሪፕቶካርዮን የተባለ የዓሣ ጥገኛ ያስወግዳል ብላችሁ አትግዙ። የሞተ ቆዳ፣ ዝልግልግ ልባስና አንዳንድ ከላይ የሚታዩ ጥገኞች ይለቅማል። ክሪፕቶካርዮን ግን ዓሣው ላይ ሳለ ከቆዳው ንብርብር ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ከዚያ ወድቆ በድንጋይና በአሸዋ ላይ ተሸፍኖ ይባዛል። ሽሪምፑ ይህን ዑደት አይሰብርም።

በሽታው ሲገባ ብዙ ሽሪምፕ የሚያልቀው ደግሞ በሕክምናው ነው። መዳብ ዓሣ በሚፈውስበት መጠን፣ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም ሟሟ መዳብ፣ ሽሪምፕ ይገድላል። ጨዋማነትን ወደ 1.009 ማውረድም እንዲሁ። ስለዚህ የሚወጡት ዓሦቹ ናቸው፦ ሁሉንም ወደ ሕክምና ገንዳ አዛውሩ፣ ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ 76 ቀን ይቆይ፣ ሽሪምፑ እዚያው ይቅር። ያኔ በየሁለት ቀኑ በወረንጦ መመገብ አትርሱ። የሕክምናው ገንዳ መረብ፣ ቱቦና ባልዲ ወደ ዋናው አይመለስ። ቀድሞ መዳብ የተጨመረበት ያገለገለ ገንዳ ከገዛችሁም ድንጋዩን አትጠቀሙበት፤ መዳብ ይዞ ይቆይና ቀስ እያለ ይለቃል። መስተዋቱን ካጠባችሁ በኋላ ውሃ ሞልታችሁ ለሳምንት አቆዩና በመዳብ መመርመሪያ 0 መሆኑን አረጋግጡ።

ለኮራል ተባይ የሚሰጠው ሚልቤማይሲንም ሽሪምፕ ይገድላል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን የቤት ውስጥ የነፍሳት መርጫ ነው። ሽሪምፕ ከነፍሳት ጋር የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ዝንብ የሚገድለው እሱንም ይገድለዋል፣ ዓሦቹ ምንም ሳይሆኑ። ገንዳው ባለበት ክፍል አትርጩ። ግድ ከሆነ የአየር ፓምፑን አጥፉ፣ ገንዳውን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ክፍሉ በደንብ ተናፍሶ ሽታው ከጠፋ በኋላ ብቻ ግለጡ። ውሻ ወይም ድመት ላይ የቁንጫ መድኃኒት ባደረገ እጅም ገንዳ አይነካም። እጃችሁን ስታስገቡ ሽሪምፑ ወጥቶ ጥፍራችሁን መለቃቀሙ አይቀርም፤ እጃችሁ ላይ ሳሙና፣ ቅባት ወይም ሽቶ ካለ በቀጥታ የሚደርሰው እሱ ጋር ነው። እስከ ክርናችሁ በንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግማችሁ ታጠቡ።

ሽሪምፑ ከሦስት ቀን በላይ ከጠፋ ሌሊት በቀይ መብራት ከድንጋዮቹ ጀርባ እዩ፣ ቀጥሎ የውሃ መፍሰሻ ሳጥኑንና የታችኛውን ገንዳ የፊልተር ጨርቅ፣ የፓምፖቹን አፍ። መፍሰሻ ሳጥን ውስጥ ወድቆ ለሳምንታት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ውሃው ወደ ሳጥኑ የሚገባባቸው የማጣሪያ ጥርሶች ክፍተታቸው ሰፊ ከሆነ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መረብ አልብሷቸው፣ በየሳምንቱም የያዘውን አልጌ ጥረጉ፤ ከተደፈነ ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል።